ፈረሶቹ በሉ ወይ?

መርሳ ከተማ ውስጥ የባህር ፈረስ ቀልቦ የሚያውቅ ሰው ይቅረብ ቢባል ከእኔ በቀር የሚነሳ አይመስለኝም። ደግነቱ ይቅረብ የሚልም የለም። ዛሬ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከወልድያ የሚመጡት ሚኒባሶች ሰው በሚያወርዱበት በኩል ፓፓያና ማንጎ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ፓፓያውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ «በስሏል?» ይሉኛል፤ እኔም ጣታችሁን ሰብስቡ እላቸዋለሁ። ኃይለኛዋ የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ አልጠላሁትም። አንዳንድ ቀን ግን ውስጡ ደህና አድርጎ የቀላ ፓፓያ ለሁለት ስከፍል እጄ ቆም ይላል፤ ጅዳ የነበረችውን አንዷን ፈረሴን አስታውሳለሁ፤ ቀጥሎ እናቴ ትመጣብኛለች። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ወዲህ ስለ ፈረሶቹ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ለማያውቀው፣ የባህር ፈረስ ፈረስ አይደለም፤ ዓሣ ነው። ቁመቱ ከአንድ ረጅም ቃሪያ አይበልጥም። ፊቱ ግን ቁርጥ የፈረስ ነው። እንደ ሌላው ዓሣ ተጋድሞ አይዋኝም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጅራቱ ያገኘውን ነገር ጨብጦ ይውላል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጅዳ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የተቀጠርኩላት ሴት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች፤ ማማ እያልኩ እጠራታለሁ። ልጇ ብቸኝነቷን ያስረሳልኛል ብሎ ሳሎኗ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አስቀመጠ፤ የጨው ውሃ ሞላበት፤ ስድስት የባህር ፈረሶች ጨመረበት። ማማ ወንበሯን አስጠግታ ስታያቸው ትውላለች። የሚያበላቸው ሰው ሲፈለግ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ላበስልና ልጠርግ ሄጄ ፈረስ ቀላቢ ሆኜ አረፍኩት።

እናቴ ያኔ ከመርሳ ትንሽ ወጣ ባለው መንደራችን ነበረች። ስልኳ ባለ ቁልፍ፣ አሮጌ፣ ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ ነበር። ሁልጊዜ ጁምዓ ከሰዓት እደውልላታለሁ። አንድ ጁምዓ፣

«እና አሁን ሥራሽ ምንድነው?» አለችኝ።

«የባህር ፈረስ እቀልባለሁ።»

«ምን? አልሰማሁሽም።»

«ፈረስ! ፈረስ እቀልባለሁ» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ሰማሁ፤ እያለቀሰች ነበር። «የሰው ሽንት ቤት ታጥባለች እያሉኝ ሆዴ ሲቃጠል ነው የከረመው። ፈረስማ የጨዋ ሥራ ነው። ያባትሽ አባት ፈረስ ነበረው፤ እሱን የሚቀልበው ደግሞ ዝም ብሎ ሰው አልነበረም።»

ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እስኪ ፍረዱኝ፤ ከሄድኩ ጀምሮ ስልክ ባነሳች ቁጥር የምታለቅስ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ ስታለቅስ፣ «ኧረ እማ፣ ቃሪያ የሚያክል ዓሣ ነው፤ ሽንት ቤቱንም አሁንም የማጥበው እኔ ነኝ» ብሎ የሚናገር አንጀት ያለው ማነው? እኔ የለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ፍርሃት አብሮኝ ኖረ። እናቴ እውነቱን የሰማች ዕለት ያ ኩራቷ ይረግፋል፤ እኔም በውሸት ያኮራኋት ልጅ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ እፈራ ነበር።

ጁምዓ ሲመጣ ነገራችን አንድ ዓይነት ነበር። «ደህና ነሽ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ወገቤን አሞኝ ቢሆን፣ ማማ ተቆጥታኝ ቢሆን፣ አገሬ ናፍቆኝ ግድግዳ ሳይ ውዬ ቢሆን፣ መልሴ ደህና ነኝ ነው። በስልክ ሌላ ነገር መናገር አልችልበትም። ዝምታው ሲረዝም እናቴ ትጠይቃለች፦

«ፈረሶቹስ በሉ ወይ?»

ይህን ስትል ምላሴ ይፈታል። ስለ ፈረስ አወራለሁ። እንዴት እንደበሉ፣ የትኛው ስስታም እንደሆነ፣ የትኛዋ ምግብ እስኪመጣላት ጥግ ይዛ እንደምትጠብቅ። እሷ ደግሞ ትመክረኛለች። «በኋላ እግሩ በኩል እንዳትቆሚ፤ ይራገጣል» ትላለች። እሺ እላታለሁ። እግር የለውም አይባል ነገር።

የባህር ፈረስ ሆድ የለውም። ቀልዴን አይደለም። ከውጭ ሆድ መሳይ ነገር ቢኖረውም ውስጡ ምግብ የሚያቆይበት ከረጢት ስላልተሰጠው የበላው ሁሉ ቶሎ ያልፍበታል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ሦስቴ መብላት አለበት። ይህን የነገረኝ በየወሩ እየመጣ የገንዳውን ውሃ የሚያስተካክለው ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። እኔም በአማርኛ ተረጎምኩትና ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ሆድ ከሌላቸው መቼም ሆድ አይብሳቸውም። የሚበሉት ሽሪምፕ የሚባል ጥቃቅን የባህር ነፍሳት ነው። ፈረሱ አጠገቡ እስኪደርስለት ድረስ ንቅንቅ ሳይል ይጠብቅና በዚያ ረጅም አፉ ይስበዋል። ጠቅ ይላል። ቤቱ ጸጥ ካለ በመስታወቱ በኩል ይሰማል። ያ ጠቅታ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ጅዳን ግን አልናፍቅም፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

መጀመሪያ ሲመጡ ቀለማቸው ልዩ ነበር። አራቱ ቢጫ ናቸው፤ አንዱ ቡና ዓይነት፤ አንዷ ደግሞ የበሰለ ፓፓያ። ፓፓያዋ ብዬ ጠራኋት። ለእናቴም «ፓፓያ የምትባል ቀይ ባዝራ አለችን» አልኳት። ውሸቴ እየተዋበ ሄደ ማለት ነው።

ጅዳ በገባሁ በሦስተኛው በጋ ማማና ቤተሰቧ ሙቀቱን ሸሽተው ጣኢፍ የሚባል ደጋ ከተማ ወጡ። እኔን ከነቁልፉ ቤት አስጠብቀው ሄዱ። ለእኔ አንድ ጆንያ ሩዝ ተዉልኝ፤ ለፈረሶቹ ማቀዝቀዣ ሙሉ በረዶ ሆኖ የደረቀ ሽሪምፕ። ክፋት አልነበረም፤ የተዉት ይበቃል ብለው ነው። ሱዳናዊውም በዚያ ሰሞን አገሩ ገብቶ ነበር። እኔ ሩዝ፣ እነሱ በረዶ ሽሪምፕ። ጧት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ገንዳው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አመድ መሰለ። ቢጫዎቹ የቆሸሸ ነጠላ ሆኑ። ፓፓያዋ ፓፓያነቷ ጠፋ፤ ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጥጓን ትታ ወለሉ ላይ መጋደም ጀመረች።

«ፈረሶቹ በሉ ወይ?» አለች እናቴ።

«ይበላሉ፤ ግን ገረጡ። ሆዳቸው ገባ።»

«ምን እያበላሻቸው ነው?»

«አንድ ዓይነት ነገር ነው። የደረቀ።»

«ታዲያ ምን ይሁኑ?» አለችኝ በቁጣ። «ላም በበጋ ጭድ ስትበላ ቅቤዋ ነጭ አይደል? መስከረም ላይ እርጥብ ሣር ስትግጥ ነው ቢጫ የሚሆነው። ቀለም በአፍ ነው የሚገባ። እርጥብ አብሊያቸው።»

በሚቀጥለው ጁምዓ ጭራሽ ባለሙያ አማክራ ጠበቀችኝ። መርሳ ገበያ ወርዳ አንድ ሽማግሌ ጋሪ ነጂ አነጋግራ ኖሯል። «ገብስ ጨምሪላቸው አሉ። ሽምብራም አይጠላም አሉ። አንች ግን ያንን አገር ገብስ አትመኝው፤ እኔ እልክልሻለሁ» አለችኝ። ተይ ብላትም አልሰማችኝም። ወር ሳይሞላ ከመርሳ ወደ ጅዳ ከምትመጣ ሴት ጋር አንድ ከረጢት ደረሰኝ። «ለፈረሶቹ ነው» ተብሏል። ፈታሁት። ገብስና ሽምብራ ነው፤ ግን ተቆልቷል፤ ሱፍ ገብቶበታል፤ ጨውም ነካ ተደርጎበታል። እናቴ ፈረስ ቆሎ ይበላል ብላ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እያፈስኩ በላሁት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ለፈረሶቹ አንዲት ፍሬም አልሰጠሁም።

ሱዳናዊው እንደተመለሰ ገንዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ይበላሉ?» አለኝ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ አሳየሁት። «እሺ፣ ይኼ ሽሪምፕስ ራሱ ምን በልቶ ነበር?» አለኝ። ምን አውቅለታለሁ? ባዶ ሆዱን የሞተ ነገር እያበላሽ ቀለም ከየት ይምጣ አለኝ። ፈረሱ ቀለሙን ራሱ አይሠራም፤ ከሽሪምፑ ነው የሚወስደው፤ ሽሪምፑ ደግሞ ከበላው አረንጓዴ ነገር። እናቴ በቅቤ የነገረችኝን ሰውየው በዓረብኛ ደገመው። አንዷ መንደራችን ሆና ባሕር ሳታይ፣ አንዱ ባሕር ዳር አርጅቶ፣ አንድ ቦታ ደረሱ።

ሥራው በዛብኝ። አቧራ የሚመስል የሽሪምፕ እንቁላል በጨው ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ አስፈለፍላለሁ። ለተፈለፈለው መጀመሪያ ሱዳናዊው ያመጣልኝን አረንጓዴ ዱቄት፣ በላዩ በጣት ቆንጠር አድርጌ ቀይ ዱቄት አበላለሁ። ሆዱ ሞልቶ ሲቀላ በወንፊት አጥልዬ ለፈረሶቹ እሰጣለሁ። የምግቡን ምግብ እቀልብ ነበር ማለት ነው። ለሳምንታት ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ ቀን በአንዱ አንገት በኩል ቢጫው ብቅ አለ። ሌሎቹ ተከተሉት። ፓፓያዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ማማ ተመልሳ፣ ወጥ ቤቱም ሞቅ ብሎ፣ እኔም እንደ ሰው መብላት ከጀመርኩ ቆይቶ ነው የቀላችው። ለእናቴ «ቀሉ» ስላት ረጅም ተነፈሰች። «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለች፤ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

በማግስቱ ዓመት ወለዱ። የሚወልደው ወንዱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ወንዱ ሆድ ላይ ባለች ከረጢት ውስጥ ትጥልለትና ትሄዳለች፤ እሱ አርግዞ፣ አምጦ፣ ይገላገላል። ደስ ብሎኝ እንዳለሁ ስልክ ላይ «ወንዱ ወለደ!» ብዬ አረፍኩት።

«ወንዱ?»

«ሴቷ... ሴቷ ማለቴ ነው።»

«ሱብሐነላህ» አለች እናቴ፤ በሳቅ የታፈነች መሰለኝ። «ከዚያ አገር የማይመጣ ነገር የለም።»

ግልገሎቹ ከብናኝ ጥቂት ይበልጣሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንላለን፤ እነዚህ ከአባት ሆድ ወጥተውም ዥንጉርጉር ነበሩ፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ። በየሁለት ሰዓቱ ካልበሉ ያልቃሉ። አብዛኞቹ አለቁ። ዘጠኝ ተረፉልኝ። ከእነሱ መሀል ሦስቱ ዘግይቼ የደረስኩላቸው ነበሩ፤ መጀመሪያ ሳምንት ምግቡ ስለጎደለባቸው ወለሉ ላይ ወድቀው ነው ያነሳኋቸው። ሁሉንም በክብሪት እንጨት እለካቸዋለሁ። ስድስቱ እንጨቱን አልፈው ሄዱ። ሦስቱ የፈለጉትን ያህል ቢጠግቡም እዚያው እንጨቱ ጋ ቀሩ። ቀለማቸው ሞላ፤ ቁመታቸው ግን አልሞላም። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፈረስ ምክር አጣች።

«አንችም እንዲያ ነሽ» አለችኝ። «እህቶችሽ በደህና ቀን ጠብተው ነው ያደጉ። አንች ስትመጭ ዝናቡ ጠፍቶ፣ ጡቴ ደርቆ ነበር። ለዚያ ነው ያጠርሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ስለ ዓሣ እያወራሁ እናቴ ይቅርታ ጠየቀችኝ። በቁመቴ ስንት ጊዜ ተቀልዶብኛል፤ እኔም ስንት ጊዜ ተሳድቤበታለሁ፤ እሷ ይህን ስታብሰለስል መኖሯን ግን አላውቅም ነበር። «ኧረ እማ፣ ምን በወጣሽ» ማለት ብቻ ነው የቻልኩት። ስልኩን ዘግቼ ራሴን ጠላሁት። እሷ የልቧን ትነግረኛለች፤ እኔ ባዝራና ግልገል እፈጥርላታለሁ።

ጅዳ በገባሁ በሰባተኛው ዓመት ማማ ሞተች። ልጇ ቤቱን ዘጋ፤ ፈረሶቹን ለሱዳናዊው ሰጠ። ሽማግሌው ውሃ በሞላ ፌስታል እያደረገ ሲወስዳቸው ፓፓያዋ ጅራቷን በጣቴ ላይ ጠቅልላ ነበር፤ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ማማ የተቀበረች ዕለት ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አገሬ ገባሁ። አውቶቡሱ ደሴን አልፎ ውጫሌን ወርዶ መርሳ ሲያቆም እናቴ ያማከረቻቸው ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ከሩቅ አስተዋሉኝ። መልኬ ቁርጥ እናቴ ስለሆነ አልተሳሳቱም። «የፈረሶቹ እመቤት መጣች» አሉ፤ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ሰላም ሳልጨርስ እጄን ይዘው ፈረሳቸው ዘንድ ወሰዱኝ። ጠጉሩ ሞቷል፤ ጎኑ ይቆጠራል።

«አንች ዓረብ አገር ያየሽ ነሽ። እስኪ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነተኛ ፈረስ እንዲህ ቀርቤ ስመረምር የመጀመሪያዬ ነበር። ግን ሰዎቹ ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ ለዚህ ፈረስ ሲጨነቁ ያስታውቃሉ። «ምን ያበሉታል?» አልኳቸው። «ጭድ ነው እንግዲህ» አሉኝ። «እርጥብ ይጨምሩለት፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። ቀለም በአፍ ነው የሚገባ» አልኩ። ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ውሸቴ ከስልክ ወጥቶ መርሳ ገበያ ሲቆም አየሁት። ዛሬ ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም አልኩ።

መንደር ስደርስ እናቴ የዐስር ሶላት ሰግዳ በጎጇችን በራፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጠበቅኋት በላይ አንሳለች። ተቃቅፈን አልቅሰን ጨረስን፤ ምግብ አቀረበችልኝ። እጄን ታጥቤ ሳልቆርስ ስልኬን አወጣሁ።

«እማ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። ፈረስ አልቀለብኩም። ዓሣ ነው፤ የባህር ፈረስ የሚሉት። ይኸው።»

ፎቶውን ሰጠኋት። ስልኩን ከዓይኗ አራቀችው፤ አቀረበችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«ያች ገርጥታ የነበረችው ይህች ናት?» አለችኝ።

«ምን?»

«ፓፓያዋ። ይህች ናት ወይ?»

እናቴ ታውቅ ነበር። በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጅዳ ተመልሳ ወልድያ የገባች አንዲት የጎረቤት ልጅ ልትጠይቅ ሄዳ፣ ስለ ፈረሶቼ ስታወራላት ልጅቱ «እትዬ፣ እዚያ ሁሉም የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ፎቅ ላይ ፈረስ የለም» ብላታለች። መንገዱን ሁሉ እያሰበች መጣች፤ ለማንም አልተናገረችም። ጋሪ ነጂውም አያውቁም፤ እንዳልነግራቸው አስጠነቀቀችኝ።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ነው ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ፈረስ የጠየቅሽኝ?» አልኳት። ተናድጄም ነበር መሰለኝ።

ስልኩን መለሰችልኝ።

«ደህና ነሽ ስልሽ ደህና ነኝ ትይና ትዘጊያለሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ ደህና ነበርሽ። ፈረሶቹ ግን አንድ ቀን በልተው ይጠግባሉ፣ አንድ ቀን ይገረጣሉ፣ አንድ ቀን ሆዳቸው ይገባል። ያንችን ነገር የምሰማው ከነሱ ነበር።»

ስልኩን ጎኔ አስቀመጥኩት።

«በይ አሁን ብይ» አለችኝ፤ ሣህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ ሳትነሳ አየችኝ።